አፈሩ ሂሱን ተቀብሏል

በ2004 ዓ.ም. በየካቲት ወር አቃቂ ላይ አፈር ተገመገመ። ወሬ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ አለው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። የወረዳውን ቁጥር እንዳትጠይቁኝ፤ ሁላችንም እንጀራ አለን።

በጊዜው በወረዳችን ያልተገመገመ ፍጡር አልቀረም ነበር። መምህሩ ተገምግሟል፣ ጥበቃው ተገምግሟል፣ ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ እንኳ «በስኳር አደላደል ላይ ፍትሃዊነት ይጎድላታል» ተብላ ሁለት ጊዜ ተገምግማለች። ሁለተኛው ላይ ስታለቅስ ማልቀሷ «ጅምር መሻሻል» ተብሎ ተመዘገበላት። እንግዲህ የቀረው አፈሩ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ዘአማኑኤል እባላለሁ። በእጽዋት ሳይንስ ዲፕሎማ አለኝ፤ ሥራዬ ግን ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። የከተማ ግብርና ባለሙያ ተብዬ በተቀጠርኩ በሳምንቱ የእጅ ጽሑፌ እንደሚያምር ታወቀብኝና፣ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ችግኝ ሳልነካ ኖርኩ። እናቴ «ልጄ የግብርና ባለሙያ ነው» እያለች ሳሪስ አቦ ሰፈር ሁሉ ታወራለች። እኔም አላሳፍራትም፤ በእስክሪብቶ ወረቀት አርሳለሁ እንጂ መሬት አላርስም ብዬ ምን ልንገራት?

አለቃዬ አቶ ወንድዬ ናቸው። ማዕረጋቸው «የከተማ ግብርና ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚል ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የስፖርት፣ ከዚያም በፊት የመቃብር ቦታዎች አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ሰው አመራር ምን እንደሆነ ያልገባው ነው። አመራር የትም ይበቅላል፤ አፈር አይመርጥም።

ታዲያ በዚያ የካቲት አቶ ወንድዬ ናዝሬት ሁለት ሳምንት ሠልጥነው ተመለሱ። ቆብ፣ ቦርሳና አንድ ተጠቅልሎ የታሰረ ሥዕል ይዘዋል። ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ዘአማኑኤል፣ ይሄን ታውቃለህ?»

የአፈር ንብርብር ነበር። ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ቡኒ፣ ከዚያ ነጣ ያለ፣ ከሁሉም ሥር ዐለት። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

«አሳምሬ ነዋ!» አልኩ። «ይሄ ላይኛው ለም አፈር የምንለው ነው። ቅጠሉ የሚበሰብሰው፣ ትሉ የሚርመሰመሰው፣ ሥሩ አየር የሚያገኘው፣ የተክሉ ምግብ ያለው እዚህ ነው።»

«ውፍረቱስ?»

«እንደ ቦታው ነው። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር።»

«ከሥሩ ያለውስ?»

«ሜትር ከምናምን ይሆናል።»

«እሱ ምን ይሠራል?»

«ያው ላይኛውን ይሸከማል። ውሃ ያጠራቅማል፣ የዛፍ ሥር ይወርድበታል...»

«ምግብ አለው?»

«ብዙም የለውም።»

አቶ ወንድዬ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን ሲያወልቁ አንድ ነገር ሊቋቋም ወይም ሊፈርስ ነው።

«አየህ ጉዱን! አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ምግቡንም፣ አየሩንም፣ ፀሐዩንም ጠቅልሎ ይዟል። ሰፊው አፈር ደግሞ ከሥር ተጨቁኖ ይኖራል። ለመሆኑ ይሄ ላይኛው እዚያ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ለም አፈር እንዲህ በዋዛ አይሠራም፤ አንድ ስንዝር ለመሆን አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ዓመት...»

«አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ከሥልጣን አልወረደም!» ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱት ሻዬ ተደፋ።

ይህን ለመረዳት የዚያን ዘመን ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ቃሉ «መተካካት» ነበር። ነባሩ አመራር ይወርዳል፣ አዲሱ ይወጣል። በየስብሰባው ይነገራል፣ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ወረዳችንም በዓመቱ አንድ መተካካት ፈጽሞ ሪፖርት እንዲያደርግ ታዟል። ችግሩ የሚወርድ ሰው መጥፋቱ ነበር። ሁሉም በመተካካት በጽኑ ያምናል፤ ተራው ግን የጎረቤቱ ነው። አቶ ወንድዬ እንግዲህ ይህን ቋጠሮ ፈቱት። አፈሩ ይተካካ ተባለ።

የተመረጠው መሬት የእማማ ዳሲቱ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለች፣ አራት መቶ ካሬ የማትሞላ መሬት ናት። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ እማማ ዳሲቱ ይህቺን የአመድና የፍርስራሽ መጣያ ጠርገው ጓሮ አደረጓት። የአቃቂ መሬት መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ጫማ አውልቆ ያስቀራል። እሳቸው ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የባለ ጋሪውን የጀቤሳን ላሞች እበት፣ የሰፈሩን አመድና ቅጠል፣ ከጫት ቤቶች የሚጣለውን ገረባ ሳይቀር እየተሸከሙ ዋልካውን አለሰለሱት። አፈራቸውን በእጅ ስትጨብጠው እንደ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። ጎመናቸውንና ቆስጣቸውን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ለጠያቂዎች ምግብ የሚሠሩት ሴቶች ይሻሙበታል። «ይቺ መሬት ናት እጄን ለሰው እንዳልዘረጋ ያደረገችኝ» ይላሉ እማማ ሁልጊዜ። የይዞታ ፈቃዳቸው በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በእኛ መሥሪያ ቤት ይታደሳል።

«እማማ ዳሲቱ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» አሏቸው አቶ ወንድዬ። «ሞዴል ሆነው ተመርጠዋል።»

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉ እማማ ደንግጠው።

«ምንም አላጠፉም። ሰኔ ላይ ከበላይ አካል ክቡር እንግዳ ይመጣሉ። የዚያን ዕለት መሬቱ ለምልሞ ከተገኘ ፈቃድዎ የአምስት ዓመት ይሆናል። ካልለመለመ ግን ለተደራጁ ወጣቶች ይተላለፋል።»

«እንዲሁ ለምልሟል'ኮ! ዓይንህን ምን ነካው?»

«ይሄ አድሮ ቃሪያ ልማት ነው እማማ። እኛ የምንፈልገው በመተካካት የመጣ ልምላሜ ነው።»

«እንቢ ብልስ?»

«ፈቃደኝነት ነው። ያልፈለገ ሰው መሬቱን አስረክቦ በፈቃደኝነት ይወጣል።»

ግምገማው በማግስቱ ተካሄደ። በመሬቷ ጥግ ሜትር ተኩል ጉድጓድ ተቆፈረ። ሰብሳቢው አቶ ወንድዬ፣ ቅጽ የምትሞላው የሰው ሀብት ባለሙያዋ ልዕልት፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ወንበር አደረግን። እማማ ዳሲቱ «ባለድርሻ አካል» ተብለው ተጋብዘዋል፤ ወንበሩ ሦስት ብቻ ስለነበር ቆሙ።

በመጀመሪያ አቶ ወንድዬ በሥልጠናው እንዳዩት ከአፈሩ ጭብጥ አድርገው በማር ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨመሩና በጠበጡት። አሸዋው ወዲያው ታች ቁጭ አለ። ደለሉ ቀስ እያለ ከላዩ ወረደ። ሸክላው ግን ውሃውን እንዳደፈረሰ ቀረ፤ እሱ ማረፍ የሚፈልገው በማግስቱ ነው።

«አሸዋን እንይ» አሉ ሰብሳቢው። «ገና ከመግባቱ ወንበር ያዘ። ውሃ ሲሰጡት ደግሞ ወዲያው ያሳልፋል፤ አደራ የሚባል ነገር አያውቅም። ደለል፣ ከላይም የለ ከታችም የለ፤ መሃል ሰፋሪ! በዚያ ላይ በጎርፍ የመጣ ነው፤ የመጣበት ቀበሌ አይታወቅም። ሸክላ፣ ይኸው እስካሁን ይንሳፈፋል፤ ወላዋይ! መሬት ላይ ሲሆን ደግሞ ውሃ ቢይዝ አይለቅ፣ ምግብ ቢይዝ አይለቅ። የለየለት ኪራይ ሰብሳቢ!»

ዲፕሎማዬ አላስችል አለኝ። «አቶ ወንድዬ፣ ሸክላው ባይዝ ኖሮ ተክሉ በበጋ ምን ይጠጣል? አሸዋው ባያሳልፍ ሥሩ በክረምት በምን ይተነፍሳል? ሦስቱ ተደጋግፈው ነው'ኮ...»

«ዘአማኑኤል! ለተገምጋሚ ጥብቅና መቆም ቡድንተኝነት ነው። ጻፍ፤ ስለ ራስህም ጨምረህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ገጽ ሁለት ላይ «ዘአማኑኤል የቡድንተኝነት ዝንባሌ አሳይቷል» የሚል አለ፤ ከእኔ እጅ ጽሑፍ ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

ልዕልት ቅጿን አወጣች። ልጅቷ ቅን ናት፤ የተሰጣትን ቅጽ ሳትሞላ እንቅልፍ አይወስዳትም።

«ሰዓት ማክበር?» አለች።

«አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም» አሉ እማማ ዳሲቱ።

ሙሉ ነጥብ ተሰጠው።

«ተነሳሽነት?»

«ካልቆፈሩት አይነሳም» አሉ አቶ ወንድዬ። «ዜሮ።»

በዚህ መሃል አንድ የመሬት ትል ከጉድጓዱ ግድግዳ ብቅ አለ።

«ይሄ ማነው?»

«የመሬት ትል ነው። አፈሩን እየበላ፣ እየፈጨ፣ አየር እንዲገባ መንገድ የሚከፍተው እሱ ነው» አልኩ።

«አጀንዳ ሳይሰጠው ነው የወጣው። ይመዝገብ። በል እንግዲህ፣ ተገምጋሚው አስተያየት ካለው ዕድል እንስጠው።»

ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ አየን። አፈሩ ዝም አለ። ትሉም ተመልሶ ገባ። አቶ ወንድዬ ሰዓታቸውን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቁ፤ በዚህ እንኳ አይታሙም።

«የተገምጋሚ ዝምታ ሂሱን እንደ መቀበል ይቆጠራል። ይሄ መመሪያ ነው። ጻፍ!»

«አፈሩ ሂሱን ተቀብሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ውሳኔው ይኸው ነበር። ላይኛው አፈር ወደ ሥር ይወርዳል፣ የሥሩ ወደ ላይ ይወጣል። እማማ ዳሲቱ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፉ።

«አፈር ስሆን ልጄ፣ ተወኝ። ይሄ አፈር አሥራ ስምንት ዓመት በጀርባዬ ያመጣሁት ነው። የሥሩን አውቀዋለሁ፤ ነጭ ጠጠር ያለበት ድርቅ ያለ ነገር ነው። እንኳን ጎመን አረም አያበቅልም።»

«እማማ፣ ማንም አልተባረረም። በክብር ነው የሚወርደው። የምስጋና ወረቀትም እንሰጠዋለን።»

እውነታቸውን ነው፤ ሰጡት። «ለላይኛው አፈር፦ ለረጅም ዘመን አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» የሚል፣ ላስቲክ የለበሰ ወረቀት እንጨት ላይ ተቸንክሮ መሬቷ መሃል ተተከለ።

የወረዳው የልማት ሠራዊት ስምንት ቀን ቆፈረ። መቼም የተቆፈረ አፈር አብጦ ይነሳል፤ ላይኛው ወደ ሥር ሲጨመር ግማሹ አልገባ አለና ተቆልሎ ቀረ።

«ትርፉን ምን እናድርገው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ከዚህ ዝቅ ያለ ቦታ ይመደብ።»

«ዝቅ ያለ የት?» አሉ እማማ ዳሲቱ።

«የትም ይሁን እማማ! ብቻ ከዚህ ዝቅ ይበል!»

ይህንንም ቃል በቃል ጻፍኩት። የእማማ ዳሲቱ ቤት ደግሞ ከዚያው ተዳፋት ግርጌ ነው። ወዲያው ከባለ ሱቁ ከኑሪ ሰባ ባዶ ጆንያ ተለመነ፣ የጀቤሳ ጋሪ ተጠራ፣ ከሰዓት በኋላውን አፈሩ መመሪያው በሚያዘው መሠረት ዝቅ ብሎ እማማ ግቢ ገባ።

አዲሱ አፈር ሥራውን ጀመረ። ለማጠናከር ያህል አንድ ለአምስት ተደራጀ፤ ለአንድ አካፋ ሸክላ አምስት አካፋ አሸዋ፣ ሸክላው ሰብሳቢ፣ አሸዋዎቹ አባላት። ሁለት አይሱዙ አሸዋ ተራገፈ። ጀቤሳ ጋሪውን አቁሞ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ «ሲሚንቶ ብቻ ነው የጎደለው፤ ፎቅ ይወጣዋል» አለ።

የበልግ ዝናብ መጣ። ውሃው መሬቱ ላይ ተኝቶ ሰነበተ፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ደርቆ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ሆነ። የተዘራው ጎመን ብቅ ብሎ ዙሪያውን አየና ቢጫ ሆኖ ተመለሰ። ሥር የሚሰድበት ልስላሴ የለ፣ የሚተነፍሰው አየር የለ፣ የሚበላው የለ፤ ምን ያድርግ?

«አቶ ወንድዬ፣ አልበቀለም» አልኳቸው።

«አዲስ አመራር ጊዜ ይፈልጋል። ደግሞስ ሥልጠና መቼ ወሰደና?»

እንግዲህ ለአፈሩ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስት ግማሽ ቀን፣ በድምፅ ማጉያ፣ ልዕልት መመሪያውን ከገጽ አንድ እስከ አርባ ሁለት አነበበችለት። መንገደኛው እየቆመ ያያል። አንዲት ሴት ጸሎት መስሏት ጫማዋን አውልቃ እስከ መጨረሻው ቆመች። አፈሩ ምንም ለውጥ አላሳየም። አቶ ወንድዬ ጥፋቱ የአፈሩ እንዳልሆነና ዘሩ የአመለካከት ችግር እንዳለበት ደረሱበት፤ ዘሩ ተገመገመ። እሱም ዝም አለ፣ እሱም ሂሱን ተቀበለ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ እማማ ዳሲቱ ቢሮዬ መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ዘአማኑኤል፣ ልጄ፣ መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው አይደል?»

«እማማ፣ እንደ መመሪያው ከሆነ...»

«መመሪያውን ተወው። አንተ የተማርክ ነህ፤ ይሄ መሬት እንዲህ ሆኖ የሚያበቅል ይመስልሃል? ያኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ቃል ተናገርክና ዝም አልክ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ሲባል አልሰማህም?»

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሂሱን መቀበል እንደሆነ እሳቸውም ገብቷቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ።

እንግዳው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር አቶ ወንድዬ ከተዘራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱን በአካል አዩት። ፊታቸው ከአዲሱ አፈር እኩል ነጣ። ልብሳቸውን አራግፈው ተዳፋቱን ወደ ታች ሲያዩ ዓይናቸው እማማ ግቢ ላይ ተተከለ። ሰባ ጆንያ፣ ሰባውም ላይ ጎመንና ቆስጣ ተንዠርግጓል። ግቢው ውስጥ ሰው ቢገባ በፍለጋ ነው የሚገኘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወረደው አፈር ነው» አልኩ።

«ማን ፈቀደ?»

ደብተሬን ገለጥ አድርጌ አነበብኩላቸው። «የትም ይሁን፤ ብቻ ከዚህ ዝቅ ይበል። አቶ ወንድዬ፣ ገጽ ስድስት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ትንሽ አሰቡና ድምፃችንን ሰምተው ከግቢያቸው የወጡትን እማማ ዳሲቱን በፍቅር ዓይን አዩዋቸው።

«እማማ፣ እነዚህን ጆንያዎች ለሁለት ቀን ወደ ሞዴል ማሳው ብናወጣቸውስ? ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብራቸዋለን፣ አፋቸውን በአዲሱ አፈር እንሸፍናለን...»

«ውሸት እንዲያበቅል ነው?»

«ማሳያ እንዲሆን ነው።»

እማማ ዳሲቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይሁን። ብቻ እንግዳው ሲመጡ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ።»

«አንድ ብቻ? ያውም የእናቶች ተሳትፎ! ሁለት ይጠይቁ!» አሉ አቶ ወንድዬ።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን በሦስት መኪና ተመጣ። ጆንያዎቹ ማሳው ላይ ተቀብረው አፋቸው ተሸፍኗል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበሩ ነጭ ልብስ ለብሷል፣ በየፊቱ የታሸገ ውሃ ቆሟል። ክቡር እንግዳው ከሰማንያ ሦስት ጀምሮ ሃያ አንድ ዓመት በአመራር ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ከመኪና ወርደው ማሳውን ሲያዩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ሁሉ በመተካካት የመጣ ነው?»

«ሙሉ በሙሉ፣ ክቡርነትዎ!»

እንግዳው ንግግር አደረጉ። አርባ ደቂቃ ነው። «ላይኛው ለታችኛው ቦታ ካልለቀቀ ልማት የለም! ወንበር ርስት አይደለም! ይህ አፈር ያስተማረን ይህንን ነው!» አሉ። ጭብጨባው የጀቤሳን ፈረስ አስበረገገው። ቀጥሎ ጥያቄና አስተያየት ተባለ፤ እማማ ዳሲቱም ተነሱ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማውቀው አፈር ነው» አሉ። «ላይኛው ብዙ ዘመን ተቀምጧልና ይውረድ አላችሁ፤ ወረደ። ምግቡን ጠቅልሎ ይዟል አላችሁ፤ እሺ አልን። እኔ እንደማውቀው የኔ አፈር የያዘውን ሁሉ ለጎመን ሲሰጥ ነው የኖረው፤ ለራሱ ሲበላ አላየሁትም። ይሁን፤ እሱም አለፈ። ጥያቄዬ ይሄ ነው። መተካካት የምትሉት ነገር ለአፈር ብቻ ነው ወይስ እናንተም ጋ ይደርሳል? አንተ ራስህ ልጄ፣ እዚያ ወንበር ላይ ስንት ዓመትህ ነው?»

ተቀመጡ።

ክቡር እንግዳው አቶ ወንድዬን አዩ። አቶ ወንድዬ እኔን አዩ። ሌሎቹ አለቆች የውሃቸውን ጠርሙስ ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ አቶ ወንድዬ እንዳስተማሩኝ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅኩ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እስክሪብቶዬን አነሳሁ። መመሪያ መመሪያ ነው።

«ጥያቄው በጽሑፍ ይመለሳል! ምሳ ደርሷል!» ሲሉ አቶ ወንድዬ ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ተነሳ።

በመሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ የሚፈረመው ምሳ ሲቀርብ ነው። ማንም አያነብም። ማንበብ ያለመተማመን ምልክት ነው፤ ክትፎውም ይቀዘቅዛል። ደብተሩን ይዤ ዞርኩ። ክቡር እንግዳው በግራ እጃቸው ደብተሩን ደግፈው በቀኛቸው ፈረሙ። አቶ ወንድዬ ከሥራቸው ፈረሙ። የቀሩት በየተራቸው ፈረሙ። ልዕልት ክብ ማኅተሙን አሳረፈችበት።

በሳምንቱ አቶ ወንድዬ እሳት ጎርሰው ቢሮዬ ገቡ። እጃቸው ላይ የውሳኔው ግልባጭ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? 'አንደኛ፣ ለወይዘሮ ዳሲቱ የአምስት ዓመት ፈቃድ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ አፈሩ በወረዳው የልማት ሠራዊት እንደ ነበረው ንብርብር፣ ላይኛው ላይ፣ ታችኛው ታች ሆኖ ይመለስ።' ማን ወሰነ?»

«እርስዎ ነዎት። ፊርማዎ ይሄውና፣ ከክቡር እንግዳው ቀጥሎ።»

«አሰርዘዋለሁ! ዛሬውኑ ለበላይ አካል ጽፌ አሰርዘዋለሁ!»

«ይችላሉ» አልኩ። «ቃለ ጉባኤው ግን ሙሉውን ነው የሚላከው። ገጹን ይግለጡት፤ ሦስተኛም አለው።»

ገለጡ። ለብቻቸው፣ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡ። እኔ በቃሌ ስለማውቀው ከእሳቸው ጋር በሆዴ አነበብኩት። «ሦስተኛ፣ ወይዘሮ ዳሲቱ ባቀረቡት ሂስ ላይ መላው አመራር ለአንድ ደቂቃ ዝም በማለቱ ሂሱን ተቀብሏል። በመሆኑም ከክቡር እንግዳው ጀምሮ ሁሉም የያዘውን ወንበር ለተተኪ እንዲለቅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

አቶ ወንድዬ መነጽራቸውን አላወለቁም። ሄደው በሩን ቆለፉ።

«ይሄን ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም። ተፈረመበት እንጂ አልተነበበም።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሠራዊቱ አካፋውን ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ አዘዙ።

አፈሩ ተመለሰ። ሠራዊቱ ቆፍሮ የተቀበረውን ለም አፈር አወጣ፣ ነጩን ወደ ሥር መለሰ፣ ሰባው ጆንያ ከላይ ተራገፈ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ከነሱ ጋር ቆፈርኩ፤ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ አፈር ነካ። እማማ ዳሲቱ ጆንያ ባራገፉ ቁጥር «ያ ዋቃዮ! ተመስገን!» ይላሉ። ያች ላስቲክ የለበሰች የምስጋና ወረቀት አሁንም መሬቷ መሃል ቆማለች፤ ወፍ ታባርራለች ብለው ትተዋታል። በመስከረም ጎመኑ ጉልበት ደረሰ።

ቃለ ጉባኤው ከነክብ ማኅተሙ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። በየሩብ ዓመቱ አፈጻጸሙን ለአቶ ወንድዬ ሪፖርት የማደርገው እኔ ነኝ። ከሦስቱ ውሳኔዎች ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ተፈጽመዋል። ሦስተኛው በሂደት ላይ ነው።